ግራ እጇ

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ላይ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ሕፃናት አስተምር ነበር። ማስተማር ካሉት ነው! ወላጆቹ ሥራዬን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። «ልጆቻችንን አሸዋ ስታስዝቅ ትውላለች» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። «አዎ፣ አስዝቃለሁ፤ እና ምን ይሁን?» እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ኮርስ ስወስድ ያሠለጠነችን ሴት፣ ሕፃን ልጅ ጠመኔ ከመያዙ በፊት እጁ ይንቃ፣ ይዝገን፣ ይቅዳ፣ ያፍስስ ብላ ነግራናለች፤ እኔም አምኛት ነው የመጣሁት።

ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሰፊ ሣጥን አሠራሁ። ዘበኛው የወንዝ አሸዋ በአህያ አስጭኖ አመጣልኝ፤ ድንጋይና ስባሪ እንዳይኖረው ቁጭ ብዬ በወንፊት ነፋሁት። በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ውሃ ሞላሁበት። ጣሳ፣ ቅል፣ ማጥለያ፣ ቆርኪ፣ የተጣለ ነገር ካየሁ አላልፍም። የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም «እሜቴ» የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ቆሻሻ መጣያ አደረግሽው» እያሉ ያጉረመርማሉ። ልጆቹ ግን ያን አሸዋ ሲያዩ ቁርሳቸውን ይረሱ ነበር።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። አባቷ ገበያው ዳር እህል የሚነግድ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሁሉም «ኦቦ» እያለ የሚያከብረው ሰው ነው። እናቷ ዝምተኛ ናት። ጠዋት ልጅቷን በር ላይ አድርሳ፣ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ብላ ሰላም ትለኝና ትመለሳለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

ከጨዋታዎቻችን ልጆቹ አብዝተው የሚወዱት ዳበሳ ነበር። ዓይናቸውን በሻሽ እሸፍንና አሸዋው ውስጥ ባቄላ፣ ቆርኪ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እቀብራለሁ። በእጃቸው ፈልገው ምን እንደሆነ መንገር አለባቸው። ይቺ ልጅ በቀኝ እጇ ከሆነ ማንም አይደርስባትም። በግራዋ ሲሆን ግን ባቄላውን ጨብጣው «ምንም የለም» ትላለች። ጓደኞቿ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ቀልደኛ ስለነበረች እያሾፈች ነበር የመሰለን።

አንድ ብርዳማ የኅዳር ጠዋት ነው። ውሃው ልጆቹን እንዳያንዘፈዝፋቸው ዘበኛው በከሰል ላይ ማንቆርቆሪያ ያፈላና በርሜሉ ውስጥ ይጨምርልናል። የዚያን ዕለት ገና የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ ከበርሜሉ አጠገብ አስቀምጦ በር የሚያንኳኳ ሰው ሊከፍት ሄደ። ልጅቷ የወደቀባትን ጣሳ ልታነሳ ስታጎነብስ ግራ እጇን ማንቆርቆሪያው ላይ ተደገፈች። ተደግፋ ቀረች! በቀኝ እጇ ጣሳውን ትፈልጋለች፣ ግራዋ እየተቃጠለ ነው። አንዱ ልጅ ጮኸ። ሮጬ ስመነጭቃት የመዳፏ ቆዳ ተልጧል። እሷ ግን ለምን እንደመነጨቅኳት ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ቲቸር፣ ጣሳዬ እኮ ወደቀብኝ» አለችኝ።

እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ እንደያዝኩ እሜቴ ከቤት ወጥተው አዩን። «በስመአብ! እንባ እንኳ አልወጣት! ይቺስ ወንድ ናት!» ብለው ግንባሯን ሳሙት። ማታ አባቷ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ደረቱን ነፋ። «የኔ ልጅ እኮ ናት! እኔም ልጅ ሆኜ እሾህ ሲነቅሉልኝ ትንፍሽ አልልም ነበር» አለና ትከሻው ላይ ሰቅሏት ሄደ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ወሬው እሷ ሆነች። እኛ አገር እንደሆነ የማያለቅስ ልጅ ያለው ሰው ርስት ያለው ያህል ነው። ሴቶቹ በመንገድ ላይ እያስቆሙ «የታለች ጀግናዋ?» እያሉ ጉንጯን ይስማሉ።

እኔ ግን የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ሆለታ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። የሚጮህ ቁስለኛ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ተቃጥሎ ዝም የሚል ሲመጣለት ግን ፊቱ ይጠቁራል። የሥጋ ደዌ መጀመሪያው ይሄ ነው ይለን ነበር፤ ስሜትን ይገድላል። ጣት የሚያሳጣው እሳቱና ስለቱ ነው፣ እጅ አይሰማማ፣ አይሸሽማ! ግን በጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሱና ኪኒኑን ከጀመሩ ጣት ይተርፋል ይል ነበር።

ስለዚህ መዳፏ ከሻረ በኋላ በዳበሳው ጨዋታ መሐል ብቻዋን ለየኋት። ዓይኗን ሸፍኜ በዶሮ ላባ ነካካኋት። ቀኝ እጇን ስነካ ትስቃለች። ግራዋን ስነካ ዝም። ላባው ለስልሶ ይሆናል ብዬ በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጌ ጫን አልኩ። አሁንም ዝም። እጅጌዋን ስሰበስበው ከክርኗ በላይ ነጣ ያለ ምልክት አየሁ፤ ቋቁቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት።

ለእሜቴ ብነግር የሚሆነውን አውቀዋለሁ። በዚያ ዘመን የዚያን በሽታ ስም ጠርቶ ቤት መግባት የለም። ግቢው በአንድ ቀን ባዶ ይቀራል፤ እሱስ ይቅር። የልጅቷን ቤት ደጃፍ የሚረግጥ ጎረቤት አይኖርም፤ ከአባቷ እህል የሚገዛ አይገኝም፤ ዘሯ በሙሉ «የእነ እንትና ወገን» ተብሎ ጋብቻ ይዘጋበታል። ዝም ብል ደግሞ ጣቶቿ! እዚያው ፊት ለፊቴ አሸዋውን እየዘገነች ስታፈስ አያታለሁ። ለእናቲቱ ብቻ፣ በጆሮዋ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጅቷን ልትወስድ ስትመጣ ከአሸዋው ሣጥን ጀርባ ወሰድኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በአንቱታ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ልጅዎ ግራ እጇ አይሰማትም። ያን ቀን የቻለችው ጀግና ሆና አይደለም፤ ስላልተሰማት ነው።»

«ማል ጄቴ?» አለችኝ። ምን አልሽ ማለቷ ነው።

«ክንዷ ላይም ምልክት አለ። አዲስ አበባ ዳር ለዚህ በሽታ ሐኪም ቤት አለ፤ መድኃኒት ይሰጣሉ። ቶሎ ከሄድን ጣቷ ይተርፋል። እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ማንም አይሰማም።»

«አፍሽን ያዢ!» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ያንቺ አፈር የፈጠረባትን እኔ ላይ ታላክኪያለሽ? ልጄን በቁሟ ልትቀብሪያት ነው? እዚያ ቤት የገባ ሰው ተመልሶ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እትዬ፣ ይስሙኝ እንጂ...»

«ሁለተኛ እንዳታነሺው! ሁለተኛ!»

ልጅቷን እየጎተተች ሄደች። እኔም እዚያው አሸዋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። ገና ለገና ስሟ እንዳይጠፋ ብላ የልጇን ጣት ታሳጣታለች ብዬ እንዴት ጠላኋት!

በማግስቱ ጠዋት በሩ ገና ሳይከፈት የአባትየው ድምፅ ግቢውን አናወጠው። ለካ ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ስትጫወት፣ «ቲቸር ዓይኔን ሸፍና በመርፌ ነካችኝ» ብላዋለች። ኦቦ ከኋላው ጎረቤቱን፣ ልጅ ሊያደርሱ የመጡትን እናቶችና አባቶች ሁሉ አስከትሎ ገባ። እናትየዋም ከሰዎቹ ጀርባ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ቆማለች። እሜቴ ሮጠው ወጡ።

«ልጄን በመርፌ ትወጊያለሽ አሉ!» ብሎ ጮኸብኝ። «መተት ነው ምንድን ነው ይሄ?»

እሜቴ ወደኔ ዞሩ። «ተናገሪያ! ለምንድን ነው የወጋሻት?»

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር እኔ ነጻ እወጣለሁ፤ ልጅቷ እዚያው ትጠፋለች። እናትየዋን አየኋት፤ ዓይኗ ዓይኔን ይለምናል። «ጨዋታ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ዓይን ጨፍኖ መለየት። ሁሉም ልጆች ይጫወቱታል።»

«በመርፌ ጨዋታ!» አለች አንዷ እናት። «ድሮስ ከአፈር ጋር የምትውል ሴት ጤና አላት?»

«እንዲያውም ዛሬ ያን አሸዋ አስጠርጌ አስጥለዋለሁ፤ አንቺም ዕቃሽን ሰብስቢ» አሉ እሜቴ። ቱግ አልኩ፤ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ የነበረውን ቃል ከምራቄ ጋር ውጬ መለስኩት።

ሰዉ ሲያጉረመርም ኦቦ ደግሞ ሌላ ነገር መጣለት። ልጁ በመርፌ ተነካች ተብሎ የሚታዘንላት እንዳልሆነች ማሳየት ፈለገ። «ለነገሩ የኔ ልጅ መርፌን ምን ትለዋለች!» ብሎ ከፊቱ አቆማት። የግራ ክንዷን ያዘና በጥፍሩ ቆነጠጣት። ልጅቷ ወደ ሕዝቡ እያየች ፈገግ አለች። «አያችሁ?» አለ። አጥብቆ ቆነጠጣት፤ ቆዳው ቀላ። እሷ ትስቃለች። ሰዉ «እሰይ! እሰይ ጀግና!» አለና አጨበጨበ።

ከሰዎቹ መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የአንዱ ልጅ አያት። እሳቸው አላጨበጨቡም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ክንዷ ጠጋ አሉና ዓይናቸውን አጠበቡ። «እስቲ እጅጌዋን ከፍ አድርገው፣ ልጄ» አሉት አባትየውን።

ኦቦ እየሳቀ እጅጌዋን ሊሰበስብ ጀመረ። ጮኼ ልደርስ ስል እናትየዋ ሰውን በክንዷ እየገፋች መጣች። ያቺ ዝምተኛ ሴት! ልጅቷን ከእጁ ነጥቃ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

«በቃ! ልጄን የገበያ በግ አደረጋችኋት እኮ! ይሄ ሁሉ ዓይን ሊበላት ነው?» አለች። «ስለት አለብኝ፤ ዛሬውኑ አዲስ አበባ አድርሻት እመለሳለሁ። እጇ ሲድን እወስዳታለሁ ብዬ ተስያለሁ።»

ዓይን የሚለውን ሲሰሙ ሁሉም ደነገጡ፤ ሴቶቹ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣት» አሉ። ስለት ያለበትን ሰው ደግሞ ማን ያስቆማል? ኦቦም አንገቱን ደፋ። እናትየዋ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ነይ» አለችኝ። ዕቃሽን ሰብስቢ ተብዬ የለ? ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት።

አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ በመስኮት የፉሪን ተራራ፣ ማሳውን፣ ባሕር ዛፉን ታያለች። አሮጊቷ ምልክቱን አይተውት ይሆን ወይስ አላዩትም ብዬ እኔ እጨነቃለሁ። ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ሐኪም ቤቱ በር ስንቃረብ ቆመች፤ የምትመለስ መሰለኝ። በሩ ላይ እጃቸው የተጠቀለለ ሰዎች ተቀምጠዋል። ልጅቷን ፊቷን ወደ ደረቷ አዙራ አለፈች።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ጥጥ አሹሎ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የነካሁሽን ቦታ አሳዪኝ» አላት። ልጅቷ ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ በደስታ ጨፈነች። ቀኟን ሲነካት «እዚህ!» ትላለች። ግራዋን ሲነካት ዝም ብላ ትጠብቃለች። ምልክቱን አየ፤ ክርኗ ጋ ያለውን ጅማት በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረ።

«ገና ጅምር ላይ ነው። ኪኒኑን ለዓመታት ሳታቋርጥ ከዋጠችና እጇን ከእሳት ከጠበቃችኋት ጣቶቿ ሙሉ ሆነው ይኖራሉ። ቤቷም ትኖራለች፤ እዚህ አናስቀራትም።»

«ጣቶቿ ሙሉ?» አለች።

«ሙሉ።»

እኔ ተመስገን ብዬ አለቀስኩ። እናትየዋ አላለቀሰችም። ሐኪሙን ትክ ብላ እያየችው፣ «ከማን ያዛት?» አለችው።

«ብዙ ጊዜ አብሮ ከሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ የቤቱን ሰው ሁሉ ማየት አለብኝ» አላት።

እኔን አየችኝ፣ ልጇን አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሸራ ጫማዋን ፈታች፤ ካልሲዋንም አወለቀች። «እንግዲያው እኔንም እዩኝ» አለች። እግሯን አግዳሚው ወንበር ላይ ሰቀለች። ሐኪሙ ጥጡን አነሳ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ስነካዎት ይንገሩኝ አላት። ጨፈነች። ተረከዟን ነካ። ውስጥ እግሯን ነካ። በጣቶቿ መሐል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ጥጡን ቀስ እያደረገ አስኬደው። እናትየዋ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«ምነው፣ አይጀምሩም እንዴ?» አለችው።