ለውሻ የተጣለው ሳንባ

ባለፈው ፋሲካ መሐል ሜዳ ልጄ ቤት ነበርኩ። ባሏ በጉን ገፍፎ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ ሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ታየ። በር ላይ ለቆመው ውሻ ሊወረውርለት እጁን አነሳ።

«እሱን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ሳንባ መብላት ጀመሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ምድጃው ውስጥ ከትቼ እስኪያርር ድረስ ቆምኩ። «ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል» አልኩት እንጂ ከዚያ በላይ አላብራራሁም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ልጃገረድ ነኝ፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቀየት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወላጆቼ ቤት ተመልሻለሁ። በግ በታረደ ቁጥር ሆድ ዕቃ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ሲገጥመን አባቴ «ርጥብ ሣር የበላ ነው» ይላል፤ እኔም ለውሻችን ለደፋር እጥልለታለሁ። ደፋር ርኩስ ነውና ማንም በእጁ አይነካውም። አለመንካታችን የሚበቃ ይመስለን ነበር። ጓሯችን ውስጥ ጎመኑ መሀል ግን እንዳሻው ይመላለሳል።

በአንዱ ክረምት የእናቴ ሆድ መግፋት ጀመረ። የወር አበባዋ ቀርቷል፤ የመጨረሻ ልጇን ከወለደችም ስምንት ዓመት አልፏል። እርግዝና ነው አለች፤ እኛም አመንን። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገብሱ በሚወቃበት ሰሞን በደጃችን ባለፉ ቁጥር በቀልድ ሳይነኳት አያልፉም።

«አንቺ በላይነሽ፣ ወንድ ከሆነ ትንሿን ልጄን ነው የምድርለት።»

«እሱ እስኪደርስ ልጅሽ አሮጊት ትሆንብሻለች» ትላለች እናቴ።

እናቴ እንዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ዓመት ብቻ ነው። ጥጥ ፈትላ ለሕፃኑ መታቀፊያ አሠራች። ዘጠኝ ወር ሞላ፤ አሥረኛውም አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀኝ ጎኗን ይዛ መተኛት ሲያቅታት፣ አባቴና እኔ ደግፈን በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

እዚያ ያያት ሐኪም ሆዷን ዳሰሰ፤ በመሣሪያም አየ።

«እናቴ፣ ውሻ አላችሁ?»

«ውሻ የሌለው የመንዝ ቤት የት አለ? ይልቅ ልጁስ?»

«ልጅ አይደለም። ጉበትዎ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ውጭ ሐኪሙ ለአባቴና ለእኔ ወረቀት ላይ በግ፣ ውሻና ሰው ሣለልን። ትሉ የሚኖረው በውሻው አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል። በጉ ከሣር፣ ሰው ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ ጎመን ጋር ይውጠዋል፤ ሆዳቸውም ገብቶ ከረጢት ይሠራል። ውሻው የበጉን ከረጢት ሲበላ ደግሞ እንደገና ትል ይሆናል። ስዕሉን አውቀዋለሁ። ባዮሎጂ ደብተሬ ላይ በቀለም ሥዬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶልኝ አልተሳሳትኩም።

ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ወጣላት። ከወር በኋላ ቤቷ ገባች። በማግስቱ አባቴ ገመድ ይዞ ደፋርን ሊያንቀው ተነሳ።

«ተወው» አለች እናቴ መደቡ ላይ እንደተኛች።

«ሊገድልሽ ነበር እኮ።»

«የሰጠነውን ነው የበላው።»

ሰጪዋ ማን እንደነበረች ሦስታችንም እናውቃለን። ማንም ወደ እኔ አላየም። አባቴ ገመዱን መልሶ ሰቀለው። ከእንስሳት ክሊኒክ ክኒን አምጥተን በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ኩሱንም በአካፋ እየሰበሰብኩ አቃጠልኩ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖረች። ስለ ሕመሟ ሲጠይቋት «ውሃ ነበር» ትላለች፤ የልጁን ነገር አንስታ አታውቅም። እኔም የደብተሬን ነገር ለማንም ሳልናገር ዕድሜዬ ሄደ። ዛሬ ሰዎች ስለ ትምህርት ጥቅም ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አልከራከራቸውም። ትምህርቱን በደንብ ተምሬዋለሁ። ደብተሬ ላይ የሣልኩት ውሻ ደጃችን የሚተኛው ውሻ መሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም።