ዳማው የወደቀበት ሜዳ

ጂንካ ውስጥ ለፈረስ ሽቅድምድም ተብሎ የተሠራ ቦታ ኖሮ አያውቅም። የነበረን የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ነው። ከተማው መሀል የተዘረጋ ሣር ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በበዓል ማግስት ከላይ ከአሪ ደጋ ፈረሰኞች እየወረዱ ይጋልቡበት ነበር።

መነሻው የላይኛው ጫፍ ነው። ፈረሶቹ ሜዳውን ቁልቁል ሽምጥ ይወርዱና ታች የቆመውን ባዶ በርሜል ዞረው ወደ መነሻው ይመለሳሉ። በርሜሉ አጠገብ መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰውም እዚያ ይዘገያል። መሀሉን ደግሞ የገበያ መንገድ ይቆርጠዋል። ሰው ረግጦ ረግጦ ቦይ አድርጎት ነበር፤ ሣሩ ሲያድግ ግን አይታይም። የለመዱት ጋላቢዎች እዚያ ሲደርሱ ልጓም ሰብሰብ ያደርጋሉ።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አባታችን ከጋሞ መጥቶ ጂንካ የቀረ ኮርቻ ጠጋኝ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ፣ አንድ የአሪ ሽማግሌ፣ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ወንድሜ እንዲጋልብላቸው ጠየቁ። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ደጋ እየወጣ ከፈረሱ ጋር ይውል ጀመር። እናታችን የቤተ ክርስቲያን ሰው ናትና መጠጥ የማይለየውን ግልቢያ አልወደደችውም። አባቴ ግን ልጁ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይለው ነበርና አልከለከለውም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር። ወንድሜ በርሜሉን ቀድሞ ዞረ። እየመራ ሲመለስ አንዲት ሴት ሙዝ ተሸክማ ወደ ሜዳው ገባች። ሰዉ ሲጮህ ለእሷ መሆኑ አልገባትም። ወንድሜ ልጓሙን በኃይል ወደ ጎን ሳበው። ፈረሱ ሴትዮዋን ሳይነካት አለፈ፤ የፊት እግሩ ግን ቦዩ ውስጥ ገባና ወንድሜን ከሥሩ አድርጎ ወደቀ።

ራሱን የሳተውን ወንድሜን በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ፈረሱ እግሩ ተሰብሮ መነሳት አቃተው። ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ዓይኑን ሸፈኑት፤ ከዚያ አንድ ሚሊሻ ጠሩና ፊታቸውን አዞሩ። ተኩሱን እኔም ሰምቻለሁ።

ወንድሜ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ፈረሱ ነው። ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ “ደህና ነው ልጄ። ሣሩን እየበላ አንተን ይጠብቃል” አሉት። እኛ መሬት መሬት አየን። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን የተቀቀለ ጎደሬና ማር ይዘውለት ይመጣሉ፤ ስለ ፈረሱም ያወሩለታል። አንድ ቀን መወፈሩን፣ ሌላ ቀን የጎረቤት አጥር መጣሱን። ወንድሜ ይስቅ ነበር። የተሰበረ እግሩ ግን ጠሞ ገጠመ፤ ጉልበቱም አልታጠፍ አለ።

ምርኩዝ ይዞ መራመድ እንደጀመረ ለማንም ሳይናገር ደጋ ወጣ። ሲመሽ ተመለሰ። ምንም አልበላም። የሆነውን በኋላ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ከሽማግሌው ቤት በላይ ወዳለው ግጦሽ አልፎ ፈረሱን ሲጣራ፣ ከልጆቻቸው አንዷ ሰምታ እያለቀሰች እውነቱን ነገረችው። ሽማግሌው ከቤት ወጡና፣ “ብነግርህ አትድንም ብዬ ነው” አሉት።

“አሁን ድኛለሁ አባባ?” አላቸው። መልስ ሳይጠብቅ ወረደ።

ሽማግሌው ሌላ ፈረስ አልገዙም። እኛ ቤትም መምጣት ተዉ። ሽቅድምድሙ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀዘቀዘ፤ ወጣቱ ሞተር ሳይክል ወደደ፣ አባቴም ከኮርቻ ወደ ጫማ ጥገና ዞረ። አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሌላ ቦታ ሲሠራ ሜዳው ለከተማው ቀረ። ድንጋይና አሸዋ ይራገፍበት ጀመር።

ወንድሜ ሃና ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወርዶ የመንግሥት ንብረት ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። ሃና ቆላ ነው፤ ገንዲ የሚባለው የዝንብ በሽታ ስላለ ፈረስ አያኖርም። እናታችን ተመለስ እያለች ብታስለምነው፣ እዚያ እንደሚስማማው ብቻ ይልክባታል። ሽማግሌው ሲሞቱም ላክንበት፤ አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ ሃና ድረስ ሄድኩ። በመጨረሻ ሕመማቸው ስሙን እየጠሩ እግሩ ተሽሎት እንደሆነ ይጠይቁ እንደነበር ልጆቻቸው ያሉኝን ነገርኩት።

“ያን ሁሉ መንገድ በዝናብ እየወረዱ ይመጡልኝ ነበር እኮ” አለ።

የት እንደተቀበሩ ጠየቀኝ። ከቤታቸው በላይ፣ ግጦሹ ዳር መሆኑን ስነግረው፣ ያን ዳገት አሁን እግሩ እንደማያወጣው ተናገረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።