በሎሚ የታሸው የአበባ ማስቀመጫ

አሰለፈች የበደለችኝ አራተኛ ክፍል እያለሁ፣ በፋሲካ ዋዜማ ነው። የአክስቴ ልጅ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ እነሱ ቤት ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት መንታ የፈረንሳይ ፖርሴሊን የአበባ ማስቀመጫዎች ነበሩ። የአክስቴ ባል ይሠራለት የነበረ ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ የተወለት ናቸው። ገላቸው ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ሆዳቸው ላይ ጽጌረዳ ተስሎባቸዋል፤ እግራቸውና እጀታቸው ወርቅ የተቀባ ነሐስ ነው፣ እንደ ወይን ሐረግ የተጠማዘዘ። አበባ ገብቶባቸው አያውቅም። አክስቴ ራሷ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላቸዋለች እንጂ ሌላ ሰው አይነካቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ሐረጉን በዓይኔ እከተለው ነበር።

በዓል ሲደርስ የቤቱ ናስ ሁሉ በሎሚና በአመድ ይታሻል። የዚያን ቀን ጓሮ ተቀምጬ ትሪ ስፈትግ አሰለፈች አንዱን ማስቀመጫ አቅፋ መጣች። እናቷን ልታስደስት ነው።

"ተይው እት አሰለፈች፣ እትዬ ይቆጣሉ" አልኳት።

"አንቺ ትሪሽን ፈትጊ።"

ግማሽ ሎሚ አመድ ውስጥ ነክራ እግሩን አሸችው። ወርቁ ከአመዱ ጋር ወረደ። ከሥር የወጣው ነሐስ የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

አክስቴ ስትመጣ አሰለፈች ወደ እኔ ጠቆመች። አክስቴ እጄን ይዛ አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ ይላል። የልጇን እጅ አላሸተተችም። "ይሄ እጅ ሥራ ካማረው ሥራ ይሰጠዋል" አለች። ከፋሲካ በኋላ ዩኒፎርሜ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ፤ እኔ ወጥ ቤት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

እዚህ አትላንታ የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ማስቀመጫዎቹ እዚሁ አቅራቢያ ሊልበርን፣ አሰለፈች ቤት ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ጠርታኝ ሄድኩ። ልጇ ሄለን ጠበቃ ናት። በእንግዶች ፊት፣ "አንቲ ብርቄ፣ አንቲክ ዕቃ የሚያውቀው ሰውዬ መጥቶ ነበር፤ ክሊን ሲያደርጉት ወርቁን አጥፍተውታል አለ። አንቺ ነሽ አይደል? ሶ ፈኒ" አለችኝ። ሳቁ።

አሰለፈችን አየኋት። "ንገሪያት" አልኳት።

"ውይ ብርቄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት በሎሚ ተቀይመሽኛል?" አለችና ጉርሻ ዘረጋችልኝ። አልጎረስኩም።

ያኔ በልጅነቴ፣ አንድ ቀን እውነቱ ይወጣል እያልኩ እተኛ ነበር። አሁን ቢወጣስ የትኛው ክፍል እገባለሁ? ጠዋት ጠዋት ስኮትዴል ካለው ቤቴ መስኮት ሆኜ ሴት ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠብቁ አያለሁ። ከዚያ መጋረጃውን እዘጋለሁ።

አሰለፈች በክረምቱ ሞተች። ሄለን እያለቀሰች ደወለችልኝ።

ለቅሶ አልደረስኩም።