ርዕስ የሌለው የስም ዝርዝር፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

አቶ ገመቹ የበደለኝ ከዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ሰበታ ላይ ነው። እሱ የስፖርትና ባህል ኃላፊ፣ እኔ መምህርት ነበርኩ። የትምህርት ቤታችንን ኳስ ሜዳ አጥር ላሠራለት ነው ብሎ ወላጅና አስተማሪ ሰበሰበ። መገኘታችንን የሚያሳይ ወረቀት ዞረ። ፊት ተቀምጬ ስለነበር መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መስከረም ሲጠባ ያ ወረቀት ከአንድ ቃለ ጉባኤ ጀርባ ተያይዞ ተገኘ። ቃለ ጉባኤው ሜዳው ለባለሀብት እንዲሰጥ ወላጆችና አስተማሪዎች ተስማምተዋል ይላል። ዛሬ እዚያ የፋብሪካ አጥር ቆሟል። ሰፈሩ ግን ከዝርዝሩ አናት ላይ የነበረውን ስም እንጂ ገመቹን አያስታውስም። ‹‹ሜዳውን የሸጠችው መምህርት›› እየተባልኩ ጡረታ ወጣሁ።

ማክሰኞ ማታ ታናሽ እህቴ ዘነበች ከሱሉልታ ደወለች።

‹‹እታባ፣ ያ ያንቺው ገመቹ እኛ ጋ ለምርጫ ይወዳደራል። ሐሙስ ያነጋግረናል። ለሯጮቹ መም ሊሠራ ነው አሉ። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ ተብለናል።››

‹‹የት ነው የሚሠራው?››

‹‹ከኛ እርሻ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ።››

‹‹ምንም እንዳትፈርሚ።››

‹‹አንቺ ደግሞ!›› ብላ ዘጋችው።

ለዚህ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሰበታ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ብርዱ ከጉልበቴ አይወጣም። ከመንገዱ ዳር አምና ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ሲነሱ መንገድ ለመዝጋት የተደረደሩት ድንጋዮች አሁንም ክምር ናቸው፤ የሚያነሳቸው ጠፍቷል ወይም ለሌላ ቀን ይሆናሉ ብሎ የተዋቸው አለ። ጎማ የተቃጠለበት አስፋልት እንደ ምጣድ ጠቁሯል።

ከፊት የተቀመጠ ሰው ‹‹መንገዱ ሰላም ነው?›› ሲል ሹፌሩን ጠየቀው።

‹‹እስከዚህ ድረስ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን አብረን ነው የምናየው።››

ዓለም ገና ላይ ፖሊሶች አስወርደው መታወቂያችንን አዩ። ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ አጠገቤ የነበረች ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አዲስ አበባን ወደኛ መሬት ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ማውራት ጀመረች። ኮልፌ ያለች ዘመዷ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የፈረሳ ቁጥር ተጽፎበታል። ከዚያ ‹‹አንቺስ ወዴት ነሽ?›› አለችኝ።

‹‹ዘመድ ጥየቃ›› አልኩ። ውሸት አይደለም። ከዚህ በላይ ግን ለማላውቀው ሰው አልናገርም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቡራዩ

በቀጥታ ሱሉልታ መሄድ እችል ነበር። ገመቹ ከሰበታ የተዛወረው ቡራዩ ስለሆነ፣ ለእህቴ የምነግራት በዓይኔ ያየሁት ነገር ፈለግሁ። እዚህ የወጣት ማዕከል እንዳቋቋመ በምርጫ ወረቀቱ ላይ አጽፏል።

ማዕከሉን ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ማርታ ትባላለች፤ ከከምባታ ለአበባ እርሻ ሥራ መጥታ የቀረች ናት። ፍርፍር በአሥራ አምስት ብር፣ ሻይ በሦስት ብር። ፍርፍሩ ዘይት በዝቶበታል፤ በላሁት።

‹‹ማዕከሉ ያ ነው›› አለችኝ፣ በበሩ በኩል በአገጯ እያሳየችኝ። የእንጨት መሸጫ ግቢ ነው። ከአጥሩ ውጭ ጥግ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ የተለጠፈበት የመሠረት ድንጋይ ቆሟል፤ በርበሬ ተሰጥቶበታል።

‹‹በርበሬው ያንቺ ነው?››

‹‹የኔ ነው። ድንጋዩ ቶሎ ይሞቃል፤ ለማድረቅ ደህና ነው።››

‹‹ድንጋዩ ሲቀመጥ ስብሰባ ነበር?››

‹‹ነበር እንጂ። ምሳም ነበረ።››

‹‹ፈረማችሁ?››

‹‹ሳይፈረም ምሳ አለ እንዴ እማማ? ፈርመናል። ጥብሱ ጥሩ ነበር።››

ግቢው በር ላይ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ‹‹እሳቸውን ጠይቂያቸው፣ መሬቱ የሳቸው ነበር›› አለችኝ። ሄድኩ። ‹‹አካም ጅርቱ ኦቦ›› ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና ስለ ስብሰባው ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከመንግሥት የተላክሁ መስሏቸዋል። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደኔ ያለውን አላምንም።

‹‹ተገኝቼ ነበር›› አሉ። ‹‹መገኘቴን አልክድም። አሁንም እንደምታይው ተገኝቻለሁ፣ በፈረቃ።››

ስሜንም አልጠየቁ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ የጎጃም መንገድ

አስኮ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ዳገት። ባሕር ዛፉ እንደወትሮው ያዘነብላል። ቱታ የለበሱ ልጆች ከመንገዱ ዳር ባለው ሣር ላይ ይሮጣሉ፤ መኪና ሲመጣ ወደ ቦይ ይወርዳሉ፣ ሲያልፍ ይወጣሉ። የእህቴ ልጅ ሌንሴ ከነዚህ አንዷ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዓይኔ ፈለጋት፣ አላየኋትም።

ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተክሏል። ከሜዳው ቀጥሎ የዘነበች ባል የኦቦ ቱፋ እርሻ ነው፤ የባለፈው ዓመት የገብስ ገለባ ገና በእርሻ አልተገለበጠም። ቱፋ ጉልበቴን ስሞ ጎኑ አስቀመጠኝ። የቡራዩን ነገር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንዲህ አለ፦

‹‹እትዬ፣ አንቱ የመጡት ለኛ ነው ወይስ ለሱ?››

‹‹ለሁለቱም›› አልኩ።

‹‹እሱስ ደግ። ልጅቷ ግን በአስፋልት ስትሮጥ መኪና ይገጫታል ብዬ እንቅልፍ የለኝም። መም ከሠራልኝ የሰበታ ሜዳ የኔ ጉዳይ አይደለም።››

ገመቹ ወፍሯል። ኮቱን አወለቀና ቅድሚያ ስለሚሰጣቸው ነገሮች ተናገረ። ‹‹ትምህርት፣ ስፖርት፣ ባህል፣ ወጣት። እነዚህ የአንድ ጋሪ አራት ጎማዎች ናቸው።››

ከኋላዬ አንድ ገበሬ ‹‹ጋሪ ሁለት ጎማ ነው ያለው›› አለ።

‹‹ሁለቱ መጠባበቂያ ይሆናሉ›› አለው ጓደኛው። ሰዉ ሳቀ። ገመቹም ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሮ ሳቀ።

ለትምህርት ቤተ መጻሕፍት፣ ለባህል አዳራሽ፣ ለስፖርት መም። ሰበታም የተናገረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። አዲስ የጨመረው አንድ ነገር ነው፤ ወጣቶች ለሩጫ ሥልጠና ይመረጣሉ፣ የሚጠሩትም ከዛሬው ዝርዝር ነው አለ። ሌንሴ ከሴቶቹ ረድፍ ብድግ ብላ ቁጭ አለች።

ከዚያ ዝርዝሩ መዞር ጀመረ። በማስመሪያ የተሰመረ ወረቀት ነው። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። አናቱ ላይ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ርዕስ የለውም። እኔ ጋ ሲደርስ ያዝኩትና ተነሳሁ።

‹‹መምህርት ብርቄ!›› አለ ገመቹ። አልረሳኝም። ‹‹ጡረታው ሱሉልታ ሆነ እንዴ?››

‹‹እንግዳ ነኝ። ይህ ወረቀት የምንድን ነው?››

‹‹የመገኘት ነው። ምሳ የሚቆጠረው በሱ ነው።››

‹‹እንግዲያው ከላይ ‹የመገኘት ብቻ› ተብሎ ይጻፍበት። ምሳ ለመቁጠር የመታወቂያ ቁጥር ምን ያደርጋል?››

ገመቹ ፈገግ እንዳለ ጠረጴዛው ጋ ወደተቀመጠው ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ‹‹ቢሮ ስገባ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ›› አለ።

‹‹ሰማሽ መምህርት? በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ያንቺ ትውልድ ቾክ ላይ ቀርቶ ነው›› አለ ገመቹ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከሳቁት አንዷ እህቴ ነበረች።

ወረቀቱን ዘነበች ከእጄ ወሰደችው። ፈረመች። ለቱፋ ሰጠችው፣ ፈረመ። ሌንሴ ስሟን በትልልቁ ጻፈች፤ እንዳይሳሳቱባት ነው። እኔን አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።

ምሳ ተባለና ሁሉም ወደ ድስቶቹ ተነሳ። ገመቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ይጎርሳል፣ ያጎርሳል። ጸሐፊው ሳህን ይዞ ወረፋ ገባ። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ በለስላሳ ጠርሙስ ተጭኖ ቀረ። ጠርሙሱን አነሳሁ፣ ወረቀቱን ለአራት አጠፍሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ጠርሙሱን ቦታው መለስኩ። ለእህቴ መንገዱ ሳይዘጋ ልግባ አልኳት። ቆይ አላለችኝም።

ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሰበታ

በመልሱ መንገድ ሦስት ጊዜ ተፈተሽን። ሦስቱንም ጊዜ ቦርሳዬን ከፈቱ፤ ወረቀቱን አንዱም አልገለጠው። ቤቴ ስደርስ ገና ፀሐይ ነበረች።

ይህን የምጽፈው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ገመቹ ተመረጠ። ሱሉልታ ተመልሶ አልሄደም። ሜዳው እንዳለ ነው፣ የቱፋም እርሻ እንዳለ ነው፤ ታርሷል። ለሥልጠናው ግን ከጫንጮ ልጆች ተጠርተዋል፤ ቱታና ጫማ ተሰጥቷቸዋል። የጫንጮ ሰዎች ምን ላይ እንደፈረሙ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ዘነበች ደወለች። ሰላምታ የለም።

‹‹ዝርዝሩ ጠፋብን አሉ። ስለዚህ ነው የኛ ልጆች ያልተጠሩት። እታባ፣ አንቺ ነሽ?››

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹የሌንሴ ስም እዚያ ላይ ነበር።››

‹‹የእናንተም ፊርማ ነበረ። እርሻችሁ ታርሷል።››

ዘጋችው። ተነስቼ ወረቀቱን ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ቀደድኩት፣ የከሰል ምድጃው እሳት ላይ ጣልኩት።