ኢንጂነሯና ስምንተኛ መ

ተማሪዎቹ ክብሪት ይሏታል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ከነኳት ቦግ ስለምትል ነው። ስሙን ያወጣላትን ልጅ ታውቀዋለች። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ መንገድ ላይ ሲያያት አሁንም አንገቱን ይሰብራል። ስሙን ግን ጠልታው አታውቅም። የሒሳብ አስተማሪ መፈራት አለበት ባይ ናት፤ መወደዱን ለስፖርት መምህሩ ትታለታለች።

ትምህርት ቤቱ የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ ከብረታ ብረት መጋዘን ጀርባ ነው። ብረት ሲራገፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ አስተማሪ ሁሉ የጀመረውን ቃል በአፉ እንደያዘ ጩኸቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ስምንተኛ ክፍል አራት ምድብ አለው። ሀ ፎቁ ላይ፣ ብርሃን እንደልብ በሚገባበት ጥግ ነው። መ ታች፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው፤ አንዱ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ልጆቹ የሚመደቡት በፈተና ውጤት ሲሆን፣ ፈተናውን የምታወጣውም፣ የምታርመውም፣ ልጆቹን የምትደለድለውም ክብሪት ናት። ፀጉሯ ጥቁር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ርዕሰ መምህራን መጥተው ሄደዋል፣ ድልድሉ አልተነካም። ከሀ ልጆቿ መካከል ሐኪም የሆኑ አሉ። አንዷ እንዲያውም ጥርሷን ነቅላላታለች፤ እየነቀለችም «አይዞዎት ቲቸር» ብላታለች። ስለ መ ልጆች መጨረሻ ግን ክብሪትን የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ባል አላገባችም። የምትኖረው በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከክፍሉ ጋር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ኩሽና አለ። ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቷ ሴት ልጇን ላከችባት። እህቷ ሌላ ከተማ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ፈረቃዋ ልጅ አያሳድግም። በስልክ «አስተማሪ ቤት ትደግ፤ አንቺ ሰው ታደርጊልኛለሽ» አለቻት። ክብሪትም ልጅቷን እንደማንኛውም አዲስ ተማሪ ፈተነቻት። ወረቀቱን አርማ ስትጨርስ ጥርሷን ነክሳ ሰባተኛ መ ውስጥ ጻፈቻት፤ ልጅቷ ዘንድሮም ስምንተኛ መ ገባች።

ለማንም አልተናገረችም። ቤት ውስጥ «አክስቴ» የምትላት ልጅ ትምህርት ቤት «ቲቸር» እንድትላት አዘዘቻት። ጠዋት ጠዋትም ለየብቻ ይወጣሉ። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ለዘመድ አደላች እንዳይሏት የሚል ነበር። ልቧ ግን ሌላ ነገር ያውቅ ነበር፤ የክብሪት የእህት ልጅ ክፍልፋይ መደመር አቃታት ብለው የሥራ ባልደረቦቿ ሻይ ሲጠጡባት ይታያታል።

ኢንጂነሯ የመጣችው በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው። ርዕሰ መምህሩ ክብሪትን ቢሮው አስጠርቶ ነገሩን አስረዳት። አንድ ፕሮጀክት ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የተመረቁ ወጣቶችን እየመረጠ፣ በአንድ የእረፍት ወቅት የማስተማር ሥልጠና እየሰጠ፣ ደህና አስተማሪ ወደማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ለሁለት ዓመት ይልካል። ዓላማው የደሃ ልጅ ከሀብታም ልጅ እኩል እንዲማር ነው። ለእነሱም አንዲት የውሃ ምህንድስና ምሩቅ ደርሳቸዋለች፣ አማካሪዋም ክብሪት ናት። አማካሪ ማለት ክፍል ውስጥ ከኋላ እየተቀመጠ የሚያርም፣ በዓመቱ አጋማሽም «ትቀጥል» ወይም «አትቀጥል» ብሎ ቃሉን የሚሰጥ ሰው ነው።

የመምህራን ማረፊያው ወሬውን እንደሰማ ተናደደ። የታሪክ መምህሩ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባው ሰውዬ፣ «እኛ አራት ዓመት ተቀቅለን ያልበሰልንበትን እሷ በአንድ እረፍት ለብ ብላ መጣች» አለና ሁሉንም አሳቃቸው። ሳቁ ሳያባራ ልጅቷ ገባች። አጭር ናት፣ ከጀርባዋ የሰፋ ቦርሳ ተሸክማለች። አንድ ባዶ ወንበር ነበር። የታሪክ መምህሩ የራሱን ቦርሳ ቀስ ብሎ አንስቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ ወንበሩንም ሰውየውንም አየች፣ ከዚያ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ኢንጂነሯ» ሆነ፤ ሲጠሯትም ቃሉን ጎተት አድርገው ነው።

ክብሪት የመ ክፍልን ሰጠቻት። አዲስ ሰው ከታች ነው የሚጀምረው አለቻት። ማወቅ የነበረባትን አንድ ነገር ግን ደበቀቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብሪት ጥያቄ ጠይቃ መልስ ሲዘገይባት አትጮህም፣ ዝም ትላለች። ዝምታው ረዘም ካለ ማስመሪያዋን ታነሳለች፤ መልሱን የማያውቅ ልጅ ተነስቶ መዳፉን ይዘረጋል። ባለፈው ዓመት ሰባተኛ ክፍልን በሙሉ ያስተማረችው እሷ ስለነበረች ልጆቹ ሕጉን አጥንተውታል። ኢንጂነሯ ደግሞ በሥልጠናው የተማረችው የዚህን ግልባጭ ነው። ጥያቄ ጠይቂ፣ ከዚያ አፍሽን ያዢ፣ ልጁ የሚያስብበት ፋታ ስጪው ተብላለች።

የመጀመሪያው ቀን ክብሪት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኢንጂነሯ ሰላምታ ሰጥታ ሰሌዳው ላይ ግማሽና ሩብን ጻፈችና ሁለቱ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ ጠየቀች። ከዚያ ዝም አለች። ፈገግ ብላ፣ እጆቿን አጣምራ ዝም አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው መንሾካሾክ ጠፋ። ከመጋዘኑ በኩል የሚመጣው የብረት ድምፅ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የተነሳችው የክብሪት የእህት ልጅ ነበረች። ቆመች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች። ከሷ ቀጥሎ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ተነሳ። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሌላ ረድፍ።

የኢንጂነሯ ፊት በራ። ጠመኔ ስጪን ያሏት መሰላት። ሰሌዳው ላይ ለመውጣት ይሄ ሁሉ ልጅ እጁን ይዘረጋል ብላ አላሰበችም ነበር። ጠመኔዋን ቆራርሳ ከፊት ጀመረች፤ ቁራጩን መጀመሪያ በተነሳችው ልጅ መዳፍ ላይ አኖረች። ልጅቷ እንዲያ ቀላል ነገር ሲያርፍባት ደንግጣ ዓይኗን ከፈተች። ጠመኔውን አየች። ከዚያ ዞራ የኋላውን ወንበር አየች። ክብሪት ፊቷን ወደ ካርቶኑ መስኮት አዞረች።

ክፍሉ ገበያ ሆነ። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ተጋፉ፣ ጻፉ፣ አጠፉ፣ አንዱ የሌላውን እየሰረዘ ተሳሳቁ። በጎን ክፍል የነበረው አስተማሪ ግድግዳውን ደበደበ።

ኢንጂነሯ የእጆቹን ትርጉም ከልጆቹ የሰማችው በማግስቱ ነው። በእረፍት ሰዓት ክብሪትን ደረጃው ሥር አገኘቻት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ምን ብዬ ልጠይቅዎት? እዚህ ልጅ ይደበደባል ወይ ብዬ?»

ክብሪት ነደደች። አንቺ ሁለት ዓመት ቆይተሽ፣ ወረቀትሽን አሳምረሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ግን ከዚህ የምወጣው በአልጋ ነው አለቻት። ኢንጂነሯም አልተበገረችም። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ክፍሌ ሲገቡ ማስመሪያዎን ውጭ ይተዉልኝ ብላ ጥላት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ተቋረጠ። ክብሪት ሳምንት በሳምንት ከኋላ እየተቀመጠች ጥፋቷን ትለቅማለች፣ ጥፋትም አላጣችም። ኢንጂነሯ ምዕራፍ አትጨርስም። አንድ ልጅ አልገባኝም ካለ ሌላው ሠላሳ ቆሞ ይጠብቃል። ስትቸኩል ራሷ ስሌት ትሳሳትና ልጆቹ ያርሟታል፤ ይባስ ብላ ታመሰግናቸዋለች። ማረፊያው ውስጥ ይህ ሁሉ እየተነገረ ይሳቃል። የታሪክ መምህሩ ቦርሳም ከወንበሩ አልተነሳም።

ጠላቷ ቤቷ ድረስ ገባች ማለት ይቻላል። የእህቷ ልጅ ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። አሁን ሳህን እያጠበች ስለ ኢንጂነሯ ታወራለች፤ የሒሳብ ደብተሯንም ሳትታዘዝ ትከፍታለች። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ክብሪት የምትሰጠው ቃል ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ወሬው ልጆቹ ጋ ደርሶ ነበር።

«እራትሽን ብዪ» አለች ክብሪት።

ልጅቷ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያ ቀና ሳትል «እሷ ከሄደች እኔም ወደ እናቴ እሄዳለሁ» አለች።

«ሂጂ! ማን ያዘሽ?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሳህኗን አንስታ ኩሽና ገባች። ክብሪት የራሷን ሳህን ወደ ጎን ገፋች። እህቷ ደውላ ልጄን ምን አደረግሽብኝ ስትላት ታያት። የበለጠ ያንገበገባት ግን ልጅቷ ምርጫውን ለማድረግ ብዙም አለመቸገሯ ነበር። ያን ያህል ዓመት አስተምራ፣ እሷን ብሎ ከተማ የሚቀይር ልጅ አላየችም። በል እንግዲህ፣ አትቀጥል እላለሁ፣ የመጣው ይምጣ አለች በልቧ።

ስብሰባው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። ከፕሮጀክቱ የመጣው አስተባባሪ ጫማው ያበራል፤ ከመጋዘኑ የሚመጣው አቧራ እንዳይነካው እግሩን ወንበሩ ሥር ሰብስቧል። የታሪክ መምህሩ የመምህራን ተወካይ ሆኖ ተገኝቷል። ኢንጂነሯ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ክብሪት ንግግሯን አዘጋጅታ ነው የመጣችው፤ ምዕራፉን፣ ጫጫታውን፣ የተሳሳተውን ስሌት። ሁሉም እውነት ነው፣ አንድም ውሸት አልጨመረችበትም።

አፏን ሳትከፍት አስተባባሪው ቀደማት። «እትዬ፣ ምንም አይጨነቁ» አለ። «አትቀጥል ቢሉም ችግር የለም። መሃል ከተማ ያለው ሞዴል ትምህርት ቤት ቦታ ተዘጋጅቶላታል። ለጎብኚም ይመቻል። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ከነዚህ ልጆች ጋር ጉልበቷ ነው የሚባክነው።»

ርዕሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ድሮስ ከመ ልጆች ማን ምን ይጠብቃል አለ። የታሪክ መምህሩም ተስማማ። ኢንጂነሯ ስለ ሞዴል ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማች መሆኗ ከፊቷ ይነበባል።

ክብሪት እዚያው ወንበር ላይ ሆና ይህንኑ የርዕሰ መምህሩን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለችው ታውቃለች። ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ዓይኗን የጨፈነች ልጅ ታየቻት። ደሟ ፈላ።

«እነዚህ ልጆች ማለት እነማን ናቸው?» አለች አስተባባሪውን።

«ያው… ደከም ያሉት ለማለት ነው።»

«አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ከኔ ጋር ነው የምትኖረው።»

የታሪክ መምህሩ የያዘው የሻይ ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሊክሳት ፈለገ። «እንዴ እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩን? ነገ ጠዋት ወደ ሀ እናወጣታለን እኮ!»

«ለሷ ነገ ጠዋት ከሆነ ለሌሎቹ መቼ ነው?» አለች ክብሪት። መልሱንም ሳትጠብቅ ቀጠለች። «እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የትም አትወጣም። ኢንጂነሯም የትም አትሄድም። ቃሌ ትቀጥል ነው። ወድጃት እንዳይመስላችሁ። ክፍሏ ገበያ ነው፣ ምዕራፍ አትጨርስም፣ አፏም ልጓም የለውም። ግን ሁለት ዓመት ብላችሁ አምጥታችኋታል፤ ሁለቱን ዓመት እዚሁ ትጨርስ። ለጎብኚ ሌላ ፈልጉ።»

አስተባባሪው ሰዓቱን አየ። ርዕሰ መምህሩ ቃሉን መዘገበ። የታሪክ መምህሩ ከንፈሩ ላይ ሳቅ ይዞ ቀድሞ ወጣ፤ ወዴት እንደሚቸኩል ክብሪት አልጠፋትም። ከነገ ወዲያ አይደለም፣ ዛሬውኑ ማረፊያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። ጆሮዋ ድረስ ጋለች፣ ግን አልተከተለችውም።

ኢንጂነሯ ፎቁ ደረጃ ላይ ደረሰችባት። ፊቷ አልተፈታም።

«መጀመሪያ የቆመችው ናት አይደል?»

ክብሪት ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ ምስጋና እንዳይጠብቁ።»

«ማን ለመነሽ? ይልቅ ሰኞ ምንድን ነው የምታስተምሪያቸው?»

ኢንጂነሯ እያመነታች ኔጋቲቭ ቁጥሮችን አለች፤ ባለፈው ዓመት እንዳልገባቸው አውቃለች። ልጆቹን እዚህ ደረጃ ላይ አምጥታ ወደ ላይና ወደ ታች እያስኬደች ነው የምታሳያቸው።

«መደመሩ ይሁን። ኔጋቲቭን በኔጋቲቭ ስታበዢ በየትኛው ደረጃ ልትወርጂ ነው?»

«አስቤበታለሁ።»

«አላሰብሽም።»

«እሺ፣ አላሰብኩም። እርስዎስ እንዴት ነው የሚያስተምሩት?»

«ሕግ ነው፣ ሸምድዱ እላቸዋለሁ።»

«እና የመ ልጆች ሸመደዱ?»

ክብሪት ማባዛቱን ልትሞክር አንድ ደረጃ ወረደች፣ ቆመች፣ ፊቷን አዞረች፣ መልሳ አንድ ደረጃ ወጣች። አይሆንም አለች። እንዲህ ካደረግሽው ይምታታባቸዋል። ኢንጂነሯ ከላይ ሆና ለምን ይምታታል ብላ ተከራከረቻት። ከታች ዘበኛው በሩን ሊዘጋ መሆኑን እየጮኸ ይናገራል፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ክርክራቸውን ቀጠሉ።