ስንጥቅ ጫፍ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ትናንት የጥፍር ቀለም ስከፍት ሽታው የድሮውን ሚኒባስ ስላመጣብኝ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከአዳማ ወለንጪቲ በሚመላለስ የሰው ሚኒባስ ላይ ሹፌር ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን ከኋላው ተቀምጬ አብሬው እሄዳለሁ። አቧራው፣ ቤንዚኑ፣ ነጋዴዎቹ የሚጭኑት ሽንኩርት እስካሁን ይሸተኛል። አንድ ቀን ከፊታችን የሚሄድ የጅቡቲ ተሳቢ ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን መታው። የተረፈው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ነበረች። በማግስቱ ፀሐዩ ሲከር ከጠባሳዋ ፀጉር የመሰለ መስመር ወጣ። የመኪናው ባለቤት መጥቶ አየና፣ መስታወቱ ከወደቀ ቁልፉን እንዲያስረክብ ለአባቴ ነግሮት ሄደ።

አባቴ የእናቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ለመነ። "መሃሉ ምንም አያመጣም፤ የሚሄደው ጫፉ ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጭንቁ ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ይሰበሰባል" አለኝና ብሩሿን ሰጠኝ። ትንፋሼን ይዤ ጫፉ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ለጥቂት ቀን ቆመ። ከዚያ አንድ ማለዳ ነጥቧን አልፎ አገኘነው። ሌላ ጨመርኩ፤ እሷንም አለፈ። ነጥቦቹ እንደ ጨሌ ተደረደሩ።

ተሳፋሪው ይስቅብን ነበር።

"ጋሽ ታዬ፣ መኪናዋን ሊድሯት ነው እንዴ? ሂና ብቻ ነው የቀራት" አለች አንዷ ሽንኩርት ነጋዴ።

"ሽማግሌ ተልኮባታል። አንቺ ብቻ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ" አላት አባቴ። በሩ በተወረወረ ቁጥር ትከሻው ኩምትር ሲል ከኋላ አየው ነበር።

መስመሩ ወዲያኛው ጠርዝ የደረሰው በገበያ ቀን፣ ወለንጪቲ መግቢያ ላይ ነው። የመታው ነገር አልነበረም። አንድ ሰውዬ ወርዶ እንደ ማንኛውም ሰው በሩን ዘጋ፤ መስታወቱ አባቴ ጭን ላይ ወረደ። ቁልፉን ያንኑ ዕለት አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ቋሚ መኪና የሰጠው የለም፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

አሁን አባቴ አልጋ ከያዘ ቆየ። መሬቱ ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ በኋላ የጭቃ ግድግዳችን ከራስጌው ካለው መስኮት ማዕዘን ጀምሮ ተሰነጠቀ። ጣት ያስገባል። ሌላ የምንገባበት ቤት የለንም። ያኔ ነጥብ ሳደርግ ስንጥቁ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንደማይቆም እያወቅኩ፣ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ብቻ ግድግዳው ላይ ነጥብ አደርጋለሁ።

ትናንት አዲስ ነጥብ ሳደርግ ሽታው ቀሰቀሰው መሰለኝ ዓይኑን ገለጠ። ግድግዳውን ብዙ አየው፤ ቀጥሎ እጄን።

"ተይው ልጄ፣ እሱ መንገዱን ያውቀዋል" አለኝ። "በተረፈው ጥፍርሽን ተቀቢበት።"