ሟች የሌለው ጥሩንባ

ደባርቅ ላይ እንደሚወራው ከሆነ፣ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ያርጋል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ነፍቶ ገድሏል። ወሬው ዳባት ሲደርስ ሟቾቹ አራት ሆኑ፤ ድብ ባሕር ሲደርስ ደግሞ ከአራቱ አንዱ ቄስ ነበሩ ተባለ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ያርጋል የገደለው ሰው የለም። ሞቱ ከተባሉት አንዷ እማማ ዓለምዬ ናቸው፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ያውም በገዛ ጥርሳቸው። ሁለተኛው ደርቤ ነው፤ እሱ በርግጥ ሞቷል፣ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጉበት። ሦስተኛው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ያወሩት ሰዎች ሲጠየቁ «መልኩ ፊቴ ላይ አለ፣ ስሙ ነው የጠፋኝ» ይላሉ።

ያርጋል ሃምሳን የተሻገረ፣ አንገተ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። እንጀራው በቅሎ ነበር፤ ተራራ ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ጓዝ እየጫነ እስከ አምባራስ ይወጣ ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ፈረንጁ ቀረ፤ በቅሎዋም ያለ ሥራ እየበላችና ፀሐይ እየሞቀች ራሷ ፈረንጅ መሰለች። የክብር ሥራው ግን ጥሩንባው ነው። ሰው ሲያርፍ ንጋት ላይ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ «እገሌ አርፏልና ለቀብር ውጡ!» ይላል። በዚያ ሰፈር ጥሩንባ ለሠርግ አይነፋም፣ ለበዓልም አይነፋም፤ ጥሩንባ ማለት ሞት ነው፣ አለቀ። ስልክም አልተካውም፤ ኔትወርኩ ብዙ ጊዜ ከሟቹ ቀድሞ ይሞታል።

ነገር የተበላሸው ጦርነቱ ከገደሉ ማዶ በነበረበት ክረምት ነው። አንድ ንጋት ያርጋል ለአንዲት አሮጊት ሊለፍፍ ወጣ። አንዱን ነፋ፣ ሁለተኛውን ነፋ፤ ሦስተኛውን ሲነፋ ከማዶ መድፍ መለሰለት። ቆርቆሮው ሁሉ ተንኳኳ፣ ሰው ነጠላውን እየጣለ ሮጠ። ያርጋል ራሱን ያገኘው ቦይ ውስጥ ነው፤ ጥሩንባው ራቅ ብሎ ጭቃ ጠጥቶ ተኝቷል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ጎጆ ቀለሰ፦ «እኔ ስነፋ እሱ ይመልሳል።» ጦርነቱ ቆመ፤ ሐሳቡ ግን መቆሙን እስካሁን አልሰማም።

በር በተወረወረ ቁጥር ዓይኑ ቦይ ይፈልጋል። ሰው ሲሞት «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል፤ ሚስቱ በለጠች ናት ቤት ለቤት እየዞረች የምትናገረው። በዚያ ዓመት ያርጋልን የያዘው ጉንፋን ቢከፋፈል አውራጃውን ሁሉ ባስነጠሰ ነበር።

ቀጥሎ ደርቤ ሞተ። ደርቤ የበቅሎ ባልንጀራው ነው፤ ሃያ ዓመት አንድ ድንኳን አድረው፣ ስንቱን ፈረንጅ ለሁለት ተካፍለው ኖረዋል። ያርጋል ጥሩንባውን አወረደ፣ ከንፈሩ ላይ አደረሰው፤ ትንፋሹ ግን አልወጣም አለ። «ተሰንጥቋል» ብሎ ዋሸና መልሶ ሰቀለው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና የሰማ የለም። ደርቤን አሥራ አንድ ሰው ቀበረው፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ቆፋሪዎች ነበሩ። ያርጋል ይህችን ቁጥር ለማንም አልተነፈሳትም፤ ግን ሲነሣም ሲተኛም ይቆጥራታል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጉንፋኑ ሰለቻቸው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ትነፋለህ፤ አለዚያ ጥሩንባውን ታስረክባለህ። ሜጋፎን ገዝተናል» አሉት።

«ሜጋፎኑን ማን ይይዘዋል?»

«አንዱ ይይዘዋላ!»

አንዱ የተባለው የወንድማቸው ልጅ መሆኑን ከበቅሎዋ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

በለጠች ባሏን ጠበል ወሰደችው። ሁለት ሱባኤ ተጠመቀ። አጥማቂው ቄስ በመጨረሻ ጠሩትና «ጠበሉን አትተው፤ ግን ዳባት ጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር አለች ይላሉ፣ እሷንም ስማት። እግዜር መድኃኒቱን ሁሉ አንድ ማሰሮ ውስጥ አላስቀመጠም» አሉት።

ያርጋል ርቃ ያለችውን ዳባትን የወደዳት ደባርቅ እንዳያየው ነው። የሞኝ ዘዴ! ከደባርቅ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ከደባርቅ ሰው በቀር ማን ይሳፈራል? በሁለተኛው ሳምንት «ያርጋል ዳባት ላይ ሴት አስቀምጧል» ተባለ። በለጠችም ለጠየቋት ሁሉ «አዎ፣ ወጣት ናት፤ መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ» እያለች ወሬውን ጣዕም አሳጣችው።

ሴትዮዋ ሲስተር ዚነት ናት፤ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር ልጅ። ያርጋል ገና ከመቀመጡ እጅጌውን ሰበሰበ።

«መርፌው የታለ ልጄ?»

«መርፌ የለም ጋሼ። ንግግርና የቤት ሥራ ነው።»

«ለወሬማ ደባርቅ ይበቃኝ አልነበር? ምን አሳፈረኝ!»

«እዚያ ስለ እርስዎ ነው የሚወራው። እዚህ የሚያወሩት እርስዎ ነዎት።»

ይህ አባባል ሳይወድ በግድ አሳቀው። ከዚያ ጠየቀችው።

«ጥሩንባ ሲነፉ ምን ይመጣል ብለው ነው የሚፈሩት?»

«መድፍ።»

«ከመቶ ስንት ያምኑታል?»

«ዘጠና አምስት።»

«ስንት ዓመት ነፍተዋል?»

«ሃያ ስድስት።»

«በሃያ ስድስት ዓመት ስንቴ መድፍ መለሰልዎ?»

«አንዴ።»

«ታዲያ ዘጠና አምስቱን ከየት አመጡት?»

ያርጋል የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ አወረደ። ዘጠና አምስቱን ያመጣው ከቦዩ ውስጥ ነው፤ ይህን አፍ አውጥቶ ለመናገር ግን ገና አምስት ሳምንት ይቀረው ነበር።

ዚነት ስታስረዳው ነገሩ ከበቅሎ መግራት ብዙም አልራቀም። ፍርሃት ምክር አይሰማም፣ በዓይኑ ካላየ አያምንም። በሸሹት ቁጥር ደግሞ ይሰባል። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ የሚወጣ መሰላል ሠሩ፦ ጥሩንባውን ማየት ሠላሳ፣ መያዝ አርባ አምስት፣ ከንፈር ላይ ማድረስ ስልሳ፣ ሰው በሌለበት ጋራ ላይ መንፋት ዘጠና። ጫፉ ላይ ያርጋል አንድ መስመር ጻፈና በመዳፉ ሸፈነው። ዚነት «ያንሡት» አላለችውም።

«ሲደርሱበት ያነሡታል። ሕጉ አንድ ነው ጋሼ፤ ፍርሃቱ በግማሽ ሳይወርድ ከቦታው መሸሽ የለም። ከመንፋትዎ በፊትም በኋላም ቁጥሩን ይጻፉ፤ ይመጣል ያሉትና የመጣው ነገርም ይጻፍ።»

የቤት ሥራው ተጀመረ። ያርጋል ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጥሩንባ ፊት ለፊት በርጩማ ስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈጠጠ። በለጠች ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች።

«ለእንግዳህ ጠላ ልቅዳለት ወይስ ቆሞ ነው የሚሄደው?»

«አትረብሺኝ፣ ከሠላሳ ወደ ሃያ እየወረድሁ ነው።»

«እኔን ሲያጩልህ እንኳ እንዲህ አላየኸኝም!»

በአምስተኛው ሳምንት በቅሎዋን አስከትሎ ከገብሱ እርሻ በላይ ወዳለው ጋራ ወጣ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «ከነፋሁ መድፍ ይመጣል፤ 90» ብሎ ጻፈ። ነፋ። እግሩ ቁልቁል ሊሮጥ አሰበ፤ በቅሎዋ ግን ሣሯን እየነጨች ነበርና እሷን ትቶ መሮጥ አሳፈረው። ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ «የመጣ ነገር፦ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ተቆጥቶ። ፍርሃት፦ 65» ብሎ ሞላ። ደግሞ ነፋ። ደግሞ። አርባ ሲገባ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ነፍቶ ነበር። እያፏጨ ወረደ።

የረሳው ነፋሱን ነው። ነፋሱ ያን ቀን ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ዋለ።

ሁለት ዓመት ጥሩንባ ያልሰማ ሰፈር ዐሥራ ሰባት ሲሰማ ምን ያድርግ? ሂሳቡ ተሠራ፤ ለአንድ ሟች ሦስት ነው፣ ስለዚህ አምስት ሰው ሞቷል፣ ስድስተኛው እያጣጣረ ነው። ነጠላ ተዘቀዘቀ። ማን ማን ነው ሲባል የእማማ ዓለምዬ በር አለመከፈቱን አንዷ አየች። ወዲያው ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «እማማ ዓለምዬ፣ የድሃ እናት! እማማ ዓለምዬ፣ የደጅ ጥላ!» እያሉ ወረዱ። እማማ ዓለምዬ ጉልበታቸው አሟቸው ምድጃ ዳር ተኮራምተው ነበር። ሙሾውን ጆሮ ሰጥተው አዳመጡ፤ በሩ ተገፍቶ ሲከፈት ቆሏቸውን ዋጡና «ቀጥሉ እንጂ፣ ስለ ሙያዬ ገና መች ነካችሁ!» አሉ። አንዷ አልቃሽ እዚያው ወደቀች። እሳቸው ግን ማን አልቅሶ ማን እንዳላለቀሰ በዚያች ቅጽበት ለይተው ያዙ።

ዳባት ላይ ይህ ሲነገራት ዚነት ለመጀመሪያ ጊዜ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ መሰላሉን አወጣች። የቀረው ጫፉ ነበር። ያርጋል እንደ ልማዱ ደርቦበት የነበረውን መዳፉን አነሣ። «ለደርቤ» ይላል።

«ይሄ ፍርሃት ብቻ አይደለም ጋሼ።»

«አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

«አሥራ አንድ ሰው ነው» አላት። ቁጥሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ወጣች፤ ተከትሏትም ቦዩ፣ ጭቃው፣ ተሰንጥቋል ብሎ የዋሸው ውሸት፣ ሁሉም ወጣ። ሲጨርስ ውኃ ቀዳችለትና «መቼ ይነፉታል?» ብቻ አለችው።

እሑድ ንጋት ደርቤ ቤት ደጃፍ ቆመ። ደብተሩ ላይ መቶ ብሎ ጽፏል። አንዱን ነፋ። ሁለተኛውን ነፋ። ከሦስተኛው በኋላ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ጠበቀ። አንድ ውሻ መለሰለት፤ ሌላ የመለሰ የለም። ያኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የበቅሎው ደርቤ አርፏልና ውጡ!» አለ።

ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«የትኛው ደርቤ?»

«የበቅሎው።»

«ሰውዬ ታመሃል? ደርቤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ!»

«ያኔ አልሰማችሁማ።»

ግማሹ ሰደበው፣ ግማሹ ሳቀ። የደርቤ ሚስት ግን በሯን ከፍታ ያርጋልን አየችውና አንድ በርጩማ አወጣች። ሁለተኛ አወጣች። ከዚያ አግዳሚውን ስትጎትት ሲሰድቡ ከነበሩት ሁለቱ አገዟት። የተሳደበም የሳቀም አንድ በአንድ ተቀመጠ፤ ሌላውም ሲያልፍ እያየ ገባ። ያርጋል የተቀመጠውን ሰው እስከ አርባ ሦስት ቆጠረና ደብተሩን ዘጋ።

ለዚህ ነው በሚቀጥለው እሑድ የተከሰሰው።

ችሎቱ የተቀመጠው እድሩ ድንኳንና ድስት በሚያስቀምጥበት አዳራሽ ነው፤ ግድግዳውን ከጎሚስታው ከሙጂብ ጎማ ቤት ጋር ይጋራል። ጠረጴዛው ላይ ለማስረጃ የተያዘው ጥሩንባ ተጋድሟል፤ ጎኑ አዲሱ ሜጋፎን ቆሟል። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ደንቡን ሲያገላብጡ ያለ ሟች ስለ መንፋት የሚል አንቀጽ አጡ።

«አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የእድሩን ብረት ድስት ያለ ፈቃድ ያወጣ ይቀጣል።»

«ጥሩንባ ድስት ነው እንዴ?» አሉ እማማ ዓለምዬ ከፊት ወንበር።

«ሁለቱም የእድሩ ብረት ናቸው!»

«እኔ በበኩሌ ለቅሶዬን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያርጋልን ይባርከው። ይልቅ ያልመጡብኝ ሰዎች ይከሰሱልኝ።»

አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ሜጋፎኑን አነሡ፤ አዳራሹ ግን ያለ እሱም ይሰማ ነበር። «ያርጋል! ሕዝብ አስደንግጠሃል። ፍርሃት ያንተ በሽታ ነው፤ የቤት ሥራህን ወደ እኛ አታምጣ። ይህ ሕዝብ መድፍ ሲያጓራም አልደነገጠም፣ ዛሬም አይደነግጥም! ስለዚህ ጥሩንባው ከዛሬ ጀምሮ...»

ጭብጨባው ሳያልቅ ከግድግዳው ማዶ የሲኖትራክ ጎማ ፈነዳ።

አግዳሚዎቹ ተገለበጡ። ጸሐፊው ትልቁ ድስት ኋላ ተገኘ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ጠረጴዛው ሥር ገቡ፤ ሜጋፎኑን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉት ነበርና ሹክሹክታቸው አዳራሹን ሞላው፦ «እናቴ... እናቴ... ድረሽልኝ...» ከወንበራቸው ያልተነሡት እማማ ዓለምዬ ብቻ ናቸው። «ጉልበቴ እምቢ አለ እንጂ እኔም ወርጄ ነበር» አሉ።

ሙጂብ ጥቀርሻ እንደ ለበሰ በሩ ላይ ታየ። «ጎማ ነው! ወገኖቼ፣ ጎማ ነው፣ አይዟችሁ!»

ያርጋል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እግሩ ያለበት አለ። ጥሩንባው ከጠረጴዛው ተንከባልሎ ጫማው ሥር መጥቶ ነበር። አነሣው፣ በጋቢው ጫፍ ወለወለው፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው፤ አስቀምጥ ያለው የለም። ከኪሱ ደብተሩን አወጣ፣ ሰዓት አየ፣ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ተመለከተ።

«እኔ ሰማንያ ገብቼ ነበር፤ አሁን ሃምሳ ወርጃለሁ። ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ለእርስዎ ከመቶ ስንት ልጻፍ?»

ጠረጴዛው ሥር ሜጋፎኑ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ነበር።